ከላሊበላ ጎንደር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ያነሳችው በሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እኅት ናት። እናቷን ይዛ ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ደግሞ ጎንደር ልትገኝ አስባለች። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው 12 ቀን ስለሆነ ሁለቱን በዓል በአንድ ጉዞ ማክበር እንደሚቻል አስልታለች። እናቷ ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም የመኪና መንገድ አይችሉም። ስለዚህ በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራውን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ፈለገች። ያገኘችው መልስ እርስ በርሱ አይስማማም። አንዱ ገጽ ርቀቱን 97፣ ሌላው 111፣ ሦስተኛው 179 ይላል። ጊዜውን አንዱ 43 ደቂቃ ሲል፣ ትኬት የሚሸጥ ሌላ ገጽ ከስድስት ሰዓት በላይ ያሳያል። የትኛውን እንደምታምን ለአንባቢው ተወችው።

ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደሩትን ምላሾች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት ጥያቄው እኔም በየዓመቱ ከዘመድ ከወዳጅ የሚቀርብልኝ ስለሆነ ነው። በጎንደርም በላስታም ቤተሰብ ያለው ሰው ይህንን ጥያቄ አያመልጥም። ምላሾቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ፤ ፍሬ የሌላቸውን ግን እዘላለሁ።

ምላሽ 1 የመልካም ምኞት ነበር። ጸሐፊው ለእናቷ ጤናን ከተመኘ በኋላ በረራው ግማሽ ሰዓት እንደማይሞላና ምንም የሚያሳስብ ነገር እንደሌለ አረጋገጠላት። ከየት እንዳገኘው አልተናገረም።

ምላሽ 2 በሦስት መስመር የርቀቱን እንቆቅልሽ ፈታው። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የተለያየው መለኪያቸው ብቻ ነው። 97 በኖቲካል ማይል፣ 111 በተለመደው ማይል፣ 179 በኪሎ ሜትር ነው። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር መሆኑን ጨምሮ፣ መስመሩ በምድር ላይ የት እንደሚያልፍም አስረዳ። ከላሊበላ ማረፊያ ተነስቶ በቡግና በኩል የተከዜን የላይኛውን ሸለቆ ይሻገራል፣ በበለሳ ሰማይ ላይ አልፎ የጎንደር ማረፊያ ባለበት አዘዞ ላይ ይወርዳል። ጉና ተራራ በስተግራ በሩቁ ይቀራል። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የተሻለው ምላሽ ይህ ነው፤ ሆኖም ጭቅጭቁ ከኋላው ስለመጣ ያመሰገነው ሰው አልነበረም።

ጭቅጭቁን የጀመረው ምላሽ 3 ነው። ይህ ሰው ሒሳቡን በግልጽ አስቀመጠ፦ በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ባለ ፕሮፔለር ቦምባርዲየር ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ 179 ለ600 ሲካፈል 18 ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ትኬት ላይ 40 ደቂቃ ተብሎ የሚጻፈው መዘግየትን ለመሸፈን የታሰበ ነው አለ። ምላሽ 4 ወዲያው ደገፈው፤ መንገደኛው ሁልጊዜ እየተታለለ ነው ሲል ጨመረበት።

ምላሽ 5 የመጣው በሰሜን ከሚገኙ ማረፊያዎች በአንዱ አውሮፕላን በሚቆምበት አደባባይ ላይ ለዓመታት እንደሠራ ከሚናገር ሰው ነው። አነጋገሩ የሥራ ሰው አነጋገር ነው፤ አልተሳደበም፣ አላሾፈም። ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆይበት ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከጎማው ሥር ያለው ማገጃ ተነስቶ አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው፤ የሚያበቃውም መድረሻው ላይ ቆሞ ማገጃው ዳግም ሲገባለት ነው። በዚህ መካከል ብዙ ሥራ አለ። ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን የሚሄድ መንገድ በሌለበት ማረፊያ አውሮፕላኑ በራሱ በመንደርደሪያው ላይ ቀስ ብሎ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ እዚያ ዞሮ ይቆማል፣ ፈቃድ ሲያገኝ ተንደርድሮ ይነሳል። የነፋሱ አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ እንዲነሳ ካስገደደው ደግሞ ወደ ምዕራብ ለመዞር ተጨማሪ ደቂቃዎች ይሄዳሉ።

ቀጥሎም ስለ ከፍታው ጻፈ። የላሊበላም የጎንደርም ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደር ያስፈልገዋል። ላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ስለሚበልጥ አብራሪው አስተማማኝ ከፍታ ላይ መድረስ አለበት። የኪው 400 ከፍተኛው የጉዞ ፍጥነት በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በ180 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ በዚያ ፍጥነት የሚሄደው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሽቅብ መውጣቱ እንዳበቃ ቁልቁል መውረዱ ይጀምራል። በእርሱ ግምት አየር ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ትኬቱ ላይ ደግሞ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ቢጻፍ ተገቢ ነው፣ የሚያስጠረጥር ነገርም የለውም።

ምላሽ 6 የ18 ደቂቃው ሰው መልሶ የጻፈው ነው። ማስረጃ አምጣ አለ፤ ቃላቱም ጠንከር ያሉ ነበሩ። የአውሮፕላን አደባባይ ላይ ሻንጣ የሚጭን ሰው ስለ በረራ ምን ያውቃል የሚል ነገር ጣል አደረገ። ይህንን ሳነብ ተናደድኩ። አንድ አውሮፕላን ስንት ሰዓት ላይ እንደሄደና ስንት ሰዓት ላይ እንደደረሰ በየቀኑ ቆሞ የሚያይ ሰው ካልታመነ ማን ሊታመን ነው?

ምላሽ 7 የጡረተኛ መምህር ነው። ራሳቸውን የጎንደር ሰው ብለው አስተዋወቁ። አስቀድመው ሰውን በሥራው ማዋረድ ነውር መሆኑን አስገነዘቡ፤ ከዚያም ወጋቸውን ያዙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይበሩ የነበሩት ዳኮታዎች ለብዙ ዓመታት የአገር ውስጡን መስመር እንደያዙ፣ ከእነርሱ በኋላ ፎከር 50፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኪው 400 እንደተተካ አወሱ። ቀድሞ አንዱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በየከተማው ሰው እያወረደና እየጫነ ይሄድ ነበር። ያኔ ከጎንደር ላሊበላ መሄድ ማለት በአንዱ ከተማ ተሳፍሮ በሚቀጥለው መውረድ ብቻ ነበር። የላሊበላ ማረፊያ አፈር በነበረበት ዘመን ደግሞ ክረምት ሲገባ ጭቃው አውሮፕላን ስለማያሳርፍ በረራው እስከ መስከረም ይቋረጥ እንደነበር አስታወሱ። እርሳቸው እንዳሉት የድሮው አውሮፕላን ቀርፋፋ ነበር፤ ግን መንገደኛውን ቀጥታ ያደርሰው ነበር። ይህች ዓረፍተ ነገር የክሩን አቅጣጫ ለወጠችው።

ምላሽ 8 ያን ተከትሎ የ43 ደቂቃውን ምስጢር አወጣ። ርቀት የሚያሰሉት ገጾች ማንኛውንም አውሮፕላን በሰዓት 500 ማይል የሚበር ጄት አድርገው ይወስዱና ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ይደምሩበታል። 111 ማይል በዚያ ፍጥነት 13 ደቂቃ ነው፤ 30 ሲደመር 43። ለዚህ መስመር መልሱ ከእውነቱ ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ነው። ቁም ነገሩ ግን ገጹ በሁለቱ ከተሞች መካከል በረራ ይኑር አይኑር አለማወቁ ነው። ሁለት ነጥብ ከሰጡት፣ በመካከላቸው አንድም አውሮፕላን በረሮ ባያውቅ እንኳ፣ ደቂቃ ቆጥሮ ይሰጣል።

እኔም በዚህ ክር ልናገር የምፈልገው ይኸው ነው። ሰው የሚጠይቀው ርቀት ነው፤ ማወቅ የሚገባው ግን አውሮፕላኑ በየት በኩል እንደሚሄድ ነው። ከላሊበላ ቦሌ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቦሌ ጎንደር ደግሞ ወደ 420። በአዲስ አበባ በኩል የሚሄድ መንገደኛ 180 ኪሎ ሜትሩን በ750 ለወጠው ማለት ነው። ሁለቱ በረራዎች እያንዳንዳቸው ሰዓት አካባቢ ይፈጃሉ፤ የቀረው ቦሌ ተርሚናል ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ጠያቂዋ ያየችው ስድስት ሰዓት ከዚህ የመጣ ነው፤ ውሸት አይደለም። ይህንን በምላሽ 9 ጻፍኩላት፤ የምትሄድበትን ቀን ይዛ ቀጥታ በረራ መኖሩን እንድታጣራም ነገርኳት። መርሐ ግብሩ እንደየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ባለፈው ዓመት የነበረው ዘንድሮ ላይኖር ይችላል።

ምላሽ 10 አውሮፕላኑን ትታ በመኪና እንድትሄድ መከራት። መንገዱን ሲዘረዝር የሚያውቀው ሰው መሆኑ ያስታውቃል፦ ከላሊበላ ጋሸና 64 ኪሎ ሜትር፣ ከጋሸና የቻይና መንገድ በሚባለው በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል ወረታ፣ ከወረታ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር። በአጠቃላይ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአየሩ ርቀት እጥፍ። በደህና ጊዜ ጠዋት የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ይገባል፣ ጉናንም በቅርብ ያያል።

ምላሽ 11 በዚህ ሰው ላይ ጮኸበት። በምን ዘመን እየኖርክ ነው ከሚል ጀምሮ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ መድረሱን፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ራሱ ለጊዜው መቋረጡን አስታወሰው። በአውሮፕላን እንኳ በማይደረስበት ወቅት አረጋዊት እናትን በመኪና ውሰጂ ማለት ኃላፊነት የጎደለው ምክር ነው ሲል ደመደመ። ምላሽ 12 ከሁለቱም ወገን ሳይሆን፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለውን በዚያው ሳምንት እዚያው ያለ ሰው ካልነገረ በቀር ከሩቅ ሆኖ መፍረድ እንደማይቻል ጻፈ። በዚህ ጉዳይ ከእርሱ የተሻለ የተናገረ የለም። የ10 ቁጥሩ ሰው መንገዱን መውደዱ ባይነቀፍም፣ የጉልበት ሕመም ላለባት እናት የስምንት ሰዓት የመኪና ጉዞ በሰላሙም ጊዜ ከባድ ነው።

ምላሽ 13 በብዙዎች ላይ የደረሰ ነገር አነሳ። አጎቱ ትኬታቸው ላይ 07:40 የሚል አይተው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ መስሏቸው ተረጋግተው ምሳቸውን በሉ። አውሮፕላኑ የሄደው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ነበር። ትኬት የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠረው ሰዓት ስለሆነ፣ ከላሊበላ ወደ ማረፊያው የሚወስድ መኪና ሲቀጠር ከሾፌሩ ጋር በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ደጋግሞ መነጋገር እንደሚያስፈልግ አሳሰበ። ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከተማው ከፍ ብሎ ተራራው ላይ ስለሆነ መንገዱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ይህ ምላሽ ለጠያቂዋ ከፍጥነት ክርክሩ ሁሉ ይበልጥ እንደሚጠቅማት አልጠራጠርም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ሌላ አገር ነጎደ። ምላሽ 14 በእስራኤል የሚኖር የጎንደር ተወላጅ ነው። ከቤን ጉሪዮን እስከ ኤይላት አጠገብ እስካለው ራሞን ማረፊያ በአየር ወደ 250 ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ በረራውም ከሰዓት ያነሰ ጊዜ እንደሚወስድ ገለጸ፤ ራሞን በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተ ነው። በዚያ መስመር አውሮፕላኑ ቀጥታ ስለሚሄድ ሰው ርቀት አይጠይቅም፣ ሰዓት እንጂ። አያይዞም ወላጆቹ በ1970ዎቹ ከጎንደር ገጠር ወደ ሱዳን የሄዱት ሌሊት ሌሊት በእግራቸው እንደነበረ፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ሲናገሩ ሰምቷቸው እንደማያውቅ ጻፈ። ለዚህ ማንም አስተያየት አልሰጠም፤ ዝምታው የአክብሮት ይመስለኛል፣ እስከሚቀጥለው ቀን ድረስ በክሩ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ምላሽ 15 ከስኮትላንድ ነው። በኦርክኒ ደሴቶች ከዌስትሬይ እስከ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ እንደሆነ፣ በመርሐ ግብሩ ላይ ሁለት ደቂቃ ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ነፋሱ ሲያግዝ ደግሞ ከአንድ ደቂቃ በታች ተበሮ እንደሚያውቅ አጫወተን። ምላሽ 16 ለአገራችን አጭር መስመር ድሬዳዋንና ጅግጅጋን ጠቀሰ፤ በአየር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ምላሽ 17 ባሕር ዳርና ጎንደር ከዚያም እንደሚቀራረቡ፣ በማረፊያዎቹ መካከል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደሆነ ተናግሮ አረመው። ከ18 እስከ 21 ያሉት ምላሾች ከባሕር ዳርና ከጎንደር የትኛው ከተማ ትልቅ ማረፊያ ይገባዋል በሚል የተደረገ እልህ ናቸው፤ አልፋቸዋለሁ።

ምላሽ 22 ጉዳዩን ወደ ቦታው መለሰው። ጸሐፊዋ በአንድ የጉዞ ወኪል ቀጥታ በረራ ተብሎ ትኬት ተሸጦላት፣ ማረፊያው ስትደርስ በአዲስ አበባ በኩል የሚሄድ መሆኑን እንደተረዳች ነገረችን። ምክሯ፣ ትኬት ከመከፈሉ በፊት ወረቀቱ ላይ ያሉት የበረራ ቁጥሮች እንዲቆጠሩ ነው፤ ሁለት ቁጥር ካለ ሁለት በረራ አለ ማለት ነው። መካከል ላይ ያለው የመቆያ ሰዓትም እንዲታይ፣ አጭር ከሆነ የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ ሁለተኛው እንደሚያመልጥ አስጠነቀቀች።

ምላሽ 23 አውሮፕላኑ ለምን ቀጥታ አይሄድም የሚለውን በብስለት መለሰ። አውሮፕላኖቹም፣ ሠራተኞቹም፣ የጥገናው ቦታም ቦሌ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው መንገደኛ እዚያ ይወርዳል፤ ነጋዴውም የመንግሥት ሠራተኛውም ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ጋር ነው። ከ70 በላይ መቀመጫ ያለውን አውሮፕላን በየቀኑ ከላሊበላ ጎንደር የሚሞላ ሰው አይገኝም። ምላሽ 24 በቁጣ፣ ታዲያ በገና ሰሞንም አይገኝም ወይ ሲል ጠየቀው።

በዚህ ላይ እኔ ከ24 ጋር ነኝ። በገና የላሊበላ ግቢ በምዕመናን ይጥለቀለቃል፤ በጥምቀት ጎንደር አልጋ አይገኝባትም። ከውጭ የመጣው ሰው ብዙው ሁለቱንም ማየት ይፈልጋል፤ በመካከሉ ያለችው ሁለት ሳምንት አትሞላም። በዓመት ውስጥ ለእነዚያ ቀኖች ብቻ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል አውሮፕላን ቢመላለስ፣ አዛውንቶች ቦሌ ወንበር ላይ ሲጠብቁ አይውሉም፤ ሁለቱም ከተሞች ብዙ ያጡትን እንግዳ ያገኛሉ። ይህንን በምላሽ 25 ስጽፍ ምላሽ 26 የነዳጅ ዋጋ ጠቅሶ ተቃወመኝ። ጨዋ ተቃውሞ ነበር፤ ባዶ ተመልሶ የሚበር አውሮፕላን ኪሳራ መሆኑም እውነት ነው። ግን በዚያ ሰሞን ከጎንደር ላሊበላ የሚሄደው ሰውም ጥቂት አይደለም።

ምላሽ 27 የ18 ደቂቃው ሰው ዳግም ነው። አሁንም ከሒሳቡ ንቅንቅ አላለም። የ5 ቁጥሩ ሰው በምላሽ 28 አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሳፈር በሩ ከተዘጋበት እስከ ተከፈተበት ያለውን በእጅ ሰዓቱ እንዲይዝ። ሌላ አልተናገረም፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ቆመ።

ጠያቂዋ በምላሽ 29 ተመለሰች። ሁሉንም በየቁጥሩ አመስግና፣ በምትፈልጋቸው ቀኖች ቀጥታ በረራ እንዳላገኘች ነገረችን። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት በረራ ማድረጉን ትታ፣ ጥር 3 ቀን ከላሊበላ አዲስ አበባ ልትበር፣ እናቷን በአክስቷ ቤት ጥቂት ቀን ልታሳርፍ፣ ከዚያ ከከተራ ሦስት ቀን ቀደም ብላ ጎንደር ልትገባ ወስናለች። በረራ ቢሰረዝ እንኳ የሚተርፍ ቀን አላት። ምላሽ 30 የዓለም አቀፍ ትኬቷ በዚያው አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡን በቅናሽ ልታገኝ እንደምትችል አስታወሳት።

ምላሽ 31 ከ5 ቁጥሩ ሰው ነበር። የአገር ውስጥ አውሮፕላን የሚቆመው ሜዳ ላይ ስለሆነ መንገደኛው በእግሩ ሄዶ ጠባብ ደረጃ እንደሚወጣ ነገራት። ለእናቷ ዊልቸርና ደረጃ ላይ የሚያግዝ ሰው የሚጠየቀው በጉዞው ዕለት ማረፊያው ላይ ተደርሶ ሳይሆን ትኬቱ ሲቆረጥ ነው፤ ለሦስቱም ማረፊያዎች፣ ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻ እንድታስመዘግብ አሳሰባት። እርሷም በዚያው ቀን እንዳስመዘገበች መልሳ ጻፈችለት።